ከባድ የአደን ጠመንጃ በጉልበት አይያዝም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ አደን ቱሪዝም ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ ስለ ደጋ አጋዘንና ስለ ፈቃድ አሰጣጡ የተባለው ደህና ነው። ስለ ጠመንጃው የተባለው ግን መታረም አለበት። ማግነም የሚባሉትን ከባድ ጠመንጃዎች ትከሻው የደነደነ ጎረምሳ ካልሆነ ሌላ ሰው እንደማይችላቸው ተደርጎ ተጽፏል። እዚህ ባሕር ዳር በዱር እንስሳት አያያዝ ወይም በቱሪዝም ተመርቀው አደን ድርጅት ውስጥ በረዳትነት ለመግባት የሚያስቡ ልጆች አሉ። አብዛኞቹ የሚያውቁት ክላሽን ነው፤ ከአያት የወረደ ምንሽር ወይም ዲሞትፈር ቤታቸው ያዩም አይጠፉም። እንዲህ ያለውን አንብበው ጥርሳቸውን ነክሰው 375 የሚባለውን ከባድ የአደን ጠመንጃ ቢያነሱ ትከሻቸው ይበልዛል፣ ቅንድባቸው ይሰነጠቃል፤ ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ በቀላሉ የማይለቅ መደንበር ይዟቸው ይቀራል። ሥራውን የምናውቅ ሰዎች ዝም ማለት ስላልቻልን ይህን ጽፈናል።

መጀመሪያ ልኩን እንወቅ። የጠመንጃ የኋላ ምት በግምት የሚወራ ሳይሆን የሚሰላ ነገር ነው። ከአፈሙዙ የሚወጣው ሁሉ ወደ ፊት ይዞት የሚሄደውን ያህል ጠመንጃው ወደ ኋላ ይገፋል። የሚወጣው ደግሞ እርሳሱ ብቻ አይደለም፤ ተቃጥሎ ጋዝ የሆነው ባሩድም ይታሰባል። እ.ኤ.አ. በ1912 የወጣውን 375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ማግነም እንውሰድ። የተለመደው እርሳስ 19.4 ግራም ይመዝናል፤ በሰከንድ 770 ሜትር ይወጣል። ክብደቱ በኪሎ ተደርጎ በፍጥነቱ ሲባዛ 15 ይመጣል። ባሩዱ 5 ግራም አካባቢ ነው፤ ጋዙ ከእርሳሱ በእጅጉ ስለሚፈጥን፣ በሰከንድ 1,400 ሜትር ብንይዘው፣ ሌላ 7 ይጨምራል። ድምሩ 22 ነው። ጠመንጃው ከነማነጣጠሪያ መነጽሩ 4 ኪሎ ከሆነ 22 ለ4 ሲካፈል ሰደፉ በሰከንድ 5 ሜትር ተኩል ፍጥነት ወደ ትከሻ ይመጣል ማለት ነው። ጉልበቱ 60 ጁል ገደማ ይሆናል።

ክላሽ በዚሁ ስሌት 8 ጁል ገደማ ነው። ያም ቢሆን ምቱ በሚንቀሳቀሱት ብረቶችና በሞላው ስለሚከፋፈል ከቁጥሩ አንሶ ይሰማል። ከሌሎቹ የአደን ጠመንጃዎች 30-06 ወደ 30 ጁል፣ 300 ዊንቸስተር ማግነም ከ35 እስከ 38 ጁል፣ 416 ሪግቢና 458 ዊንቸስተር ማግነም 80 ጁልና ከዚያ በላይ ይመታሉ። ስለዚህ ክላሽ ተኩሶ ያደገ ልጅ 375 ሲይዝ ሰባት እጥፍ የሚሆን ምት ነው የሚጠብቀው። ይህን በደረት ማበጥ አይወጡትም።

ከስሌቱ አንድ ጥቅም እናገኛለን፤ ክብደት ወዳጅ ነው። ያው 4 ኪሎ የነበረው ጠመንጃ 4 ኪሎ ተኩል ቢሆን ጉልበቱ ከ60 ወደ 54 ጁል ይወርዳል። ተራራ ለመውጣት ይቀለኛል ብሎ ሦስት ኪሎ የማይሞላ 300 ማግነም መምረጥ ሸክሙን ከትከሻ አውርዶ መልሶ ትከሻው ላይ መጫን ነው። ሌላው ጥቅም ምርጫው ነው። ለደጋ አጋዘን 30-06 ወይም 300 ይበቃል። 375 የሚፈለገው ጎሽን ለመሰለ አደገኛ አውሬ ነው። 458 ለፉከራ ይመቻል፤ ለጀማሪ ረዳት ግን ምን እንደሚያደርግለት አይገባንም። በ30-06 ሳንባና ልብ ያገኘ ተኳሽ በ458 ሆድ ከመታ ተኳሽ በብዙ ይበልጣል፤ በአደን ሥራ ደግሞ ቆስሎ ያመለጠ እንስሳ እንደተገደለ ይቆጠራል፣ ክፍያውም አይቀርም።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ እንምጣ። ብዙ ሰው ምቱ ጥይቱን ከኢላማው የሚያስተው ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ የሚቆየው ከሰከንድ አንድ ሺህኛ እምብዛም ለማይበልጥ ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ 375 ወደ ኋላ የሚንቀሳቀሰው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ትከሻ የሚሰማው ምት አብዛኛው የሚመጣው ጥይቱ ከሄደ በኋላ ነው፤ የሰው አካል ደግሞ አንድ ነገር ተሰምቶት ለመንቀሳቀስ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ጥይቱን የሚያስተው ከምቱ በፊት የሚመጣው መደንበር ነው። ዓይን ይጨፈናል፣ ትከሻ ወደ ፊት ይገፋል፣ ጣት ምላጩን ይመነጭቃል፤ አፈሙዙ ዝቅ ይላል። በቀኝ እጁ የሚተኩስ ሰው ሲደነብር ጥይቱ ብዙ ጊዜ ታች በስተግራ ይገኛል። ተኳሹ ግን የደነበረ አይመስለውም፤ ፍንዳታውና ምቱ ሁሉን ይሸፍኑለታል። መነጽሩን ይወቅሳል፣ ብሎኑን ይነካካል፣ ጥይት ያባክናል።

መደንበሩን የሚያጋልጥ አንድ አስተማማኝ ዘዴ አለ። ባሩድ የሌላቸው የልምምድ ጥይቶችን ከእውነተኞቹ ጋር ቀላቅሎ ሌላ ሰው እያጎረሰ ይስጠው፤ ተኳሹ የትኛው እንደገባ አይወቅ። ባዶው ላይ ምላጩ ሲሳብ አፈሙዙ ቅንጣት ካልተነቃነቀ ጤና ነው። ከተነቀነቀ፣ ዝቅ ካለ ወይም ጠመንጃው ሁሉ ወደ ፊት ከተገፋ የበሽታው ምልክት በዓይን ታየ። አጠገቡ የቆመ ሰው አፈሙዙን እንጂ ኢላማውን አይመልከት። ይህ ከተገኘ የዚያ ቀን ከባድ ተኩስ ያበቃል፤ ወደ 22 ትንሹ ጠመንጃና ያለ ጥይት ምላጭ ወደ መሳብ ይመለሳል። ጥይት ሳይገባ፣ ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ሁለት ጊዜ ተረጋግጦ፣ በየምሽቱ አሥር አሥራ አምስት ጊዜ በቀስታ መሳብ ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ብርም አይፈጅም።

ሰደፉ ለሰውየው ልክ ይሁን። ከምላጩ እስከ ሰደፉ ጫፍ ያለው ርዝመት ብዙ ጊዜ 34 ወይም 35 ሴንቲ ሜትር ነው። ጠመንጃው ትከሻ ላይ ተደላድሎ ጉንጭ ሲያርፍ፣ እጀታውን የያዘው አውራ ጣት ከአፍንጫ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ያህል መራቅ አለበት። ከዚያ ካነሰ አውራ ጣቱ አፍንጫ ላይ ያርፋል። ከበዛ ሰደፉ ብብት ሥር እየተያዘ ይቸግራል፣ ወደ ክንድ ጡንቻም ይንሸራተታል። ብዙ ሰው ለአጭር ሰው ረጅም ጠመንጃ እየሰጠ "ይለምደዋል" ይላል። አይለምደውም። የመነጽሩም ርቀት ይለካ፤ ለከባድ ጠመንጃ ከዓይን እስከ መነጽሩ ጠርዝ ቢያንስ 9 ሴንቲ ሜትር ሊኖር ይገባል።

የሰደፍ ጎማ ከሁሉ የቀለለ መፍትሔ ነው። በድሮዎቹ ምንሽርና ዲሞትፈር ሰደፍ ላይ ያለው ጠባብ ብረት ምቱን በትንሽ ቦታ ስለሚሰበስበው ከጥይቱ ልክ በላይ ያሳምማል። ሰፊና ለስላሳ ጎማ ምቱን በቦታም በጊዜም ያሰፋዋል። ፓክማየርና ሊምብሴቨር የሚባሉት የታወቁ ናቸው፤ ውፍረታቸው 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ይህ ሲገጠም እንጨቱ በዚያው ልክ ካልተቆረጠ ሰደፉ ይረዝማል፤ ይህን የሚዘነጋ ብዙ ነው። ጎማ ያረጃል፤ በፀሐይና በዘይት ደርቆ ይሰነጣጠቃል። በአውራ ጣት ሲጫን ካልሰመጠ እንደ እንጨት ነው የሚቆጠረው፣ ይቀየር።

ሰደፉ የሚያርፍበት ቦታ አንገት ሥር ካለው አጥንትና ከትከሻ መጋጠሚያው መካከል ያለችው ጎድጓዳ ሥጋ ናት። የቀኝ ክርን ከፍ ሲል ጎድጓዳዋ ትሰፋለች። አጥንቱ ላይ ካረፈ ሊሰብር ይችላል፤ ክንድ ላይ ካረፈ ይበልዛል፣ እጅም ይደነዝዛል። ጠመንጃውን በሁለቱም እጅ ወደ ትከሻ አጥብቆ መሳብ ያስፈልጋል፤ በተለይ የግራ እጅ የፊቱን እንጨት ወደ ኋላ ይሳብ። እዚህ ላይ የፈራ ሰው ሁሉ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፤ እንዳይመታኝ ብሎ ሰደፉን ጥቂት ያርቃል። በትከሻውና በሰደፉ መካከል ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ካለ ጠመንጃው በሙሉ ፍጥነቱ መጥቶ በጡጫ ይመታል። የተጠጋ ሰደፍ ይገፋል፤ የራቀ ሰደፍ ይማታል።

ቆሞ ሲተኮስ የግራ እግር ቀደም ይላል፤ ጉልበቱ ጥቂት ይታጠፋል፤ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የፊቱ እግር ላይ ይሆናል። ወገብን ወደ ኋላ ማጠፍ ወታደራዊ ፎቶ ላይ ያምር ይሆናል እንጂ በ375 ሰው በጀርባው ይወድቃል። ሰውነት ከምቱ ጋር አብሮ ይወዝወዝ፤ ትከሻን እንደ ግንብ ማደንደን ምቱን ወደ አንገትና ወደ ራስ ያሳልፋል። ጉንጭ እንጨቱ ላይ አጥብቆ ይለጠፍ። ላላ ብሎ ከተቀመጠ እንጨቱ ተነሥቶ ጥፊ ይመታዋል። ከተኮሱ በኋላ ጠመንጃውን ከትከሻ ሳያወርዱ መዝጊያውን ከፍቶ ቀለህ ማስወጣትና ሌላ ማጉረስ ልማድ መሆን አለበት፤ ጎሽ ፊት ለሁለተኛ ጥይት የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው።

በደረት ተኝቶ መተኮስ ወታደር ቤት የሚመከር ነው፤ ለክላሽም ልክ ነው። ለ375ና ከዚያ በላይ ግን መጥፎ አቀማመጥ ነው። የተኛ ሰው ትከሻ የሚሸሽበት የለውም፤ ምቱን በሙሉ አንገት ሥር ያለው አጥንት ይቀበለዋል። ጭንቅላትም ወደ ፊት ስለሚጠጋ መነጽሩ ቅንድብ ላይ ይደርሳል። ሽቅብ መተኮስም ይኸው አደጋ አለበት። ባሌና አርሲ ተራራ ላይ አጋዘን ብዙ ጊዜ ከተኳሹ በላይ ወይም በታች ነው የሚቆመው፤ ሽቅብ ሲነጣጠር ዓይን ወደ መነጽሩ ይጠጋል። በሜዳ 9 ሴንቲ ሜትር የነበረው ርቀት ሽቅብ ስንት እንደሚሆን ባዶ ጠመንጃ ይዞ ዳገት ላይ ቀድሞ መለካት ነው መፍትሔው።

ከዚሁ ጋር የእኛን አካባቢ ልጆች የሚመለከት ጉዳይ አለ። ጣና 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው ያለው፤ ባሕር ዳር ሰው በስስ ሸሚዝ ይውላል። ልምምዱን በሸሚዝ ያደረገ ሰው ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቶ በወፍራም ጃኬት ላይ ጋቢ ሲደርብ ሰደፉ በልብሱ ውፍረት ልክ ረዘመ ማለት ነው። የመነጽሩ ሥዕል ጠርዙ ይጠቁራል፣ ሰደፉ ልብሱን ይዞ ይቀራል፣ ቸኩሎ ሲያነሳ ክንዱ ላይ ያርፋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ለደጋ የሚለበሰውን ልብስ ለብሶ መለማመድ። ሙቀቱ ያስቸግራል፣ ግን ከጥቂት ጥይት በላይ ስለማይተኮስ ይቻላል።

ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ መነጽር ሲስተካከል ነው ትከሻ በብዛት የሚጎዳው፤ ምክንያቱም ሰው ጎንበስ ብሎ ደረቱን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፋል። የተቀመጠ ሰው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ጠመንጃው በአሸዋ ከረጢት ወደ እሱ ይምጣ እንጂ እሱ ወደ ጠመንጃው አይሂድ። በሰደፉና በትከሻው መካከል ትንሽ የአሸዋ ከረጢት ማስገባት ምቱን በደንብ ይቀንሳል። ከረጢቱ ግን ከሰውየው ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ ይሁን። ሰደፉን ግድግዳ፣ ዛፍ ወይም መኪና ላይ ማስደገፍ በፍጹም አይሆንም፤ የሚሸሽበት ያጣ ጠመንጃ ራሱን ይሰብራል፤ እንጨቱ ከእጀታው ላይ ይሰነጠቃል። በርሜሉን ድንጋይ ወይም ደረቅ ግንድ ላይ ማሳረፍም ጥይቱን ከኢላማው በላይ ያደርገዋል፤ መሐሉ እጅ ወይም ለስላሳ ነገር ይግባ። ባለ ሦስት እግር መደገፊያ እንጨት ሲያዝም የፊቱ እንጨት ከእግሮቹ ጋር በአንድ እጅ ተይዞ እንጂ ዝም ብሎ ተቀምጦ አይተኮስም።

የጠመንጃው ብሎኖች ይፈተሹ። ከባድ ጠመንጃ እያንዳንዱን ብሎን ቀስ በቀስ ያላላል። በእንጨት ሰደፍ ላይ ደግሞ የጣና ክረምት ይጨመርበታል፤ እንጨቱ እርጥበት ይጠጣና ያብጣል፣ በጥቅምትና በኅዳር ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ብሎኑም ይላላል። ብረቱና እንጨቱ ከተላቀቁ በኋላ የሚተኮስ 375 ሰደፉን ከኋላ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ከክረምት በኋላና ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት የጥብቀቱን ልክ በሚያሳይ ማጥበቂያ ይታይ፤ ለሰደፉ ብሎኖች ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ኒውተን ሜትር፣ ለመነጽሩ ቀለበት ብሎኖች ከ2 እስከ 2.5 ኒውተን ሜትር ይበቃል፤ አምራቹ ሌላ ካለ የአምራቹን መከተል ነው። በጉልበት ማጥበቅ መነጽሩን ይጨፈልቀዋል። የማንገቻው የፊት ቀለበት ከባድ ጠመንጃ ላይ እንጨቱ ሳይሆን በርሜሉ ላይ መሆን አለበት፤ እንጨቱ ላይ ከሆነ ምቱ ሲመጣ የግራ እጅን ጣት ይቆርጣል። ካዝናው ውስጥ ያሉት ጥይቶችም ይታዩ። በእያንዳንዱ ተኩስ ወደ ፊት እየተላተሙ የእርሳሱ ጫፍ ይደፈጠጣል፤ በደንብ ያልተያዘ እርሳስም ወደ ቀለሁ ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ይህ ደግሞ ግፊት ይጨምራል። ብዙ ምት ያሳለፈ ጥይት ይውጣ፣ ርዝመቱም ከአዲሱ ጋር ይነጻጸር።

በአንድ ቀን ስንት ይተኮስ? ለጀማሪ በ375 አምስት፤ ለለመደ ሰው አሥር። ከዚያ በኋላ የሚተኮሰው ሁሉ መደንበርን የሚያስተምር ነው። ትከሻ መበለዝ ሲጀምር፣ ጣት ሲደነዝዝ፣ ወይም ተኳሹ ምላጩን ከመሳቡ በፊት ትንፋሹን በረዥሙ ሲያፍን የዚያ ቀን ሥራ አበቃ። ትንፋሽ ግማሹ ወጥቶ ሲቆም ነው የሚሳበው፤ ከጥቂት ሰከንድ በላይ ከቆየ ዓይን ይደክማል፤ ጠመንጃውን አውርዶ እንደገና መጀመር ይሻላል።

ድምፁ ከምቱ እኩል ያስደነብራል። የእነዚህ ጠመንጃዎች ፍንዳታ ከ160 ዴሲቤል በላይ ነው፤ ያለ መከላከያ አንድ ጥይት ጆሮን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። ልምምድ ላይ ጆሮ ውስጥ የሚገባውንና ከላይ የሚደረበውን አንድ ላይ መጠቀም ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ሁለቱን ሲደርብ ምቱ ራሱ የቀነሰ ይመስለዋል፤ ይህ የሚያሳየው ግማሹ ፍርሃት ከጆሮ እንደሚመጣ ነው። አፈሙዝ ላይ የሚገጠመው ብሬክ ጋዙን ወደ ጎንና ወደ ኋላ ስለሚመልስ ምቱን ከሲሶ እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ ግን ፍንዳታውን ወደ ተኳሹና አጠገቡ ወደ ቆሙት ይልከዋል፤ አቧራም ያስነሳል። ከጎን የሚቆሙት የእንስሳውን ዱካ የሚከተሉት ረዳቶች ናቸው፣ ብዙዎቹም መከላከያ አይሰጣቸውም። በእኛ አስተያየት ብሬክ ለጠረጴዛ ልምምድ ይሁን፤ አደን ላይ ይፈታ፣ ከተፈታ በኋላም ጥይቱ የት እንደሚያርፍ እንደገና ይታይ።

የት ይተኮስ ለሚለው መልሱ አጭር ነው። በፈቃድ፣ ለዚሁ በተዘጋጀ ቦታ፣ ከኢላማው ጀርባ ወፍራም የአፈር ክምር ባለበት። የመሣሪያው ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ ነው። የጣና ዳር የተኩስ ቦታ አይደለም። የ300 ማግነም እርሳስ ከአራት ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ ይችላል፤ ውሃ በዝቅተኛ ማዕዘን ሲመታው ደግሞ አይሰምጥም፣ ነጥሮ አቅጣጫውን ይቀይራል። ሐይቁ ላይ ዓሣ አጥማጅና ታንኳ አይጠፋም። ጉማሬ ሩዙን ወይም በቆሎውን በላብኝ ብሎ በተገኘው መሣሪያ መተኮስም ሕገ ወጥ ነው፤ ቆስሎ ውሃ ውስጥ የገባ ጉማሬ ደግሞ በማግስቱ ታንኳ ላይ ለሚሄደው ሰው ነው የሚተርፈው። ለቅሶና ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ መተኮሱን በተመለከተ ሌላ ደብዳቤ ያስፈልገዋል።

በመጨረሻ የጤና ጉዳይ። በቅርቡ የዓይን ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ የዓይኑ መጋረጃ ችግር ያለበት፣ ደረቱ ውስጥ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተተከለለት፣ የአንገት ዲስክ ወይም የትከሻ ጉዳት ያለበት ሰው ከባድ ጠመንጃ ከመተኮሱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። የልብ መሣሪያው የተተከለው ሰደፍ በሚያርፍበት በኩል ከሆነ ሽቦው በምቱ ሊሰበር ስለሚችል፣ ሐኪሙ ጠመንጃውን በሌላኛው ትከሻ ተጠቀም ሊለው ይችላል። ለአንዳንዱ ደግሞ ጨርሶ ተወው ይለዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
በአደን መሪነት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች
ባሕር ዳር